የደረጀ አምስት ሺህ ጓደኞች

አምስት ሺህ ጓደኛ ያለው ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ደረጀ ይባላል፤ ቡራዩ አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን። ካናዳ ያለች የማያውቃት ሴት ፌስቡክ ላይ ጉንፋን ያዘኝ ብትል «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ይጽፍላታል። በአጥር የምንዋሰናቸውን ሽማግሌ፣ ኦቦ ገመቹን ግን ሰላም ብሏቸው አያውቅም።

ተቃውሞ በተነሳ ሰሞን መንገዱ ተዘጋ፤ ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። ሚስቱ አዲስ አበባ ሥራ እንደሄደች እዚያው ቀረች። ትንሿ ልጁ የውጭውን ጩኸት በሰማች ቁጥር ታለቅሳለች፤ የምትወደውን የካርቱን ፊልም ክፍል ሁለት፣ ጓደኛሞቹ ኢንተርኔት ውስጥ የሚጠፋፉበትን፣ አውርድልኝ ትለዋለች። በምን ያውርደው?

«እነ ኦቦ ገመቹ ቤት አለ፤ ድምፁ ይሰማኛል» አለችው።

የአምስት ሺህ ሰው ወዳጅ በር ማንኳኳት ፈርቶ እኔን አስከትሎ ሄደ!

«ይቅርታ አባቴ፣ ደረጀ እባላለሁ። ጎረቤትዎ ነኝ።»

«አካም ጅርታ! አውቅሃለሁ እንጂ፤ ስልክህን እያየህ ቦይ ውስጥ ስትገባ ስቄብሃለሁ። ግቡ!»

ልጅቷ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ፊልሙን እያየች ሳቀች። መጨረሻ ላይ ጓደኛሞቹ ሲገናኙ ደረጀ እንባው መጣ። ኦቦ ገመቹ ትከሻውን ያዝ አድርገው «አይዞህ፣ ሚስትህም ትመጣለች» አሉት።

መንገዱ ሲከፈት መጣች፤ ያገኘችንም እዚያው ኦቦ ገመቹ ቤት ነው።

ኢንተርኔቱ እንደተመለሰ ደረጀ ለኦቦ ገመቹ የጓደኝነት ጥያቄ ሊልክ ስማቸውን ቢፈልግ፣ ቢፈልግ አጣው። ከልቡ አዘነላቸው።

«ምስኪን ሽማግሌ» አለኝ፤ «ለካ አንድም ጓደኛ የላቸውም!»