እትዬ አስካለ ሀብታም የሆኑበት ጠዋት

በዚህች አገር ሀብታም መሆን ቀላል ነው፤ የሚከብደው ድሃ መሆንን ማስመስከር ነው! አትሳቁ። ሀብታምን ማን ይጠይቀዋል? ድሃ ግን ቅጽ ይሞላል፣ ምስክር ያቀርባል፣ ጓዳው ሳይቀር ይታያል…

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት የተቀዛቀዘውን ኢኮኖሚ ለማነቃቃት ከመደበው ገንዘብ ለችግረኛም ድርሻ አለው ተባለና ወሬው ደብረ ብርሃን፣ እኛ ሰፈር ደረሰ። ጉልበት ያለው መንገድ እየጠረገ፣ ችግኝ እየተከለ ይከፈለዋል፤ ጉልበት የከዳው እንዲሁ ይደገፋል። ይህን ስሰማ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ኢኮኖሚ አልተማርኩም (ግጥምም አልተማርኩም፤ ግን እጽፋለሁ)። ሆኖም አንድ ነገር አውቃለሁ። ለባለ ፎቅ የተሰጠ ብር ባንክ ገብቶ ይተኛል። ለጎረቤቴ ለእትዬ አስካለ የተሰጠ ብር ግን ገና ሳይረፍድ ወፍጮ ቤት ደርሶ፣ በርበሬ ተራን ዞሮ፣ ከባለ ሱቁ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። ከዚህ የበለጠ ምን ማነቃቂያ አለ?

እትዬ አስካለ የሰው ልብስ እያጠቡ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። የደብረ ብርሃንን የጠዋት ውሃ የነካችሁት ታውቁታላችሁ፤ ጥርስ አለው! ጣቶቻቸው አብጠው ዘንድሮ ካልሲ መጭመቅ እንኳ አቅቷቸዋል። ካልተመዘገቡ ዕጣቸው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩላቸው። ብዕር ስይዝ ደግሞ ልክ አላውቅም… «ምድር ምንጣፌ፣ ጭስ መጋረጃዬ፣ ከመደብ በቀር መቀመጫ የማላውቅ…» ሳነብላቸው እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ።

«ምስኪን!» አሉኝ። «ማን ናት?»

ማመልከቻውን አስገብቼ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ አንኮበር ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሚኒባስ ተመልሼ የተከራየኋትን ክፍል ስከፍት… ወንበሬ የለም! ያለኝ ወንበር እኮ አንድ ነው። ሌባ ልል አፌን ከፈትኩና መለስኩት። የትኛው ሌባ ነው ወጥቶ በሩን የሚቆልፈው? ትርፍ ቁልፌ ያለው እትዬ አስካለ ዘንድ ነው። ሮጥኩ።

በራቸውን ስገፋ ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ። ግድግዳው ላይ አበባ ያለው መጋረጃ፣ መሬቱ ላይ ቀይ ምንጣፍ፣ ጥግ ላይ የግድግዳውን እኩሌታ የሚያክል ቴሌቪዥን፣ በሰልፍ የቆሙ ስድስት ብርጭቆዎች፣ መሐል ላይ ደግሞ… ወንበሬ! እትዬ አስካለ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው ቆሎ ያበጥራሉ።

«እትዬ፣ ምን ተገኘ?»

«ኮሚቴ ሊመጣብኝ ነዋ! ትናንት ላኩብኝ። ጎረቤቴ ይባረክ፣ እምቢ ያለኝ የለም።»

«የሚመጡት እኮ ሊያጣሩ ነው! ችግርዎን ሊያዩ!»

«ታዲያ ቢቸግረኝ እንግዳ በባዶ ቤት ልቀበል? አንተ ልጅ ነውር አታውቅም እንዴ?»

እንግዳ ሲመጣበት ከጎረቤት ብርጭቆ ያልተዋሰ ከመካከላችሁ ካለ እጁን ያውጣ! ያም ሆኖ ምንጣፉን ልጠቀልል ጎንበስ ስል በሩ ተንኳኳ።

የመጡት ሁለት ናቸው። አንዱ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የሰፈራችን ጋሽ ጌታነህ። ባለፈው ጊዜ «ለዘመድ አደላ» ተብሎ ስለተጮኸባቸው በዓይናቸው ያላዩትን ሞት ቢመጣ አያስጽፉም። ሁለተኛዋ ቅጽ የያዘች ወጣት ባለሙያ ናት። ማመልከቻዬን ጮክ ብላ አነበበች።

«ምድር ምንጣፌ…» እግሯን አየች። ጫማዋ ቀዩ ምንጣፍ ውስጥ ሰምጧል። «ጭስ መጋረጃዬ…» አበቦቹን አየች።

«እማማ፣ ቴሌቪዥኑ ይሠራል?»

«እንግዳ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ይከፈታል እንዴ፣ ልጄ? ይልቅ ቆሎ ያዢ!»

ቤቱ እኮ መብራት የለውም! «የውሰት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አንተ ዝም በል» አሉ ጋሽ ጌታነህ። «ያንተን ድርሰት አሁን ሰማነው። ጻፊ፦ ምንጣፍ፣ አለ። ቴሌቪዥን፣ አለ። ወንበር፣ አለ…»

ባለሙያዋ አንድ ምልክት ባደረገች ቁጥር እትዬ አስካለ ወደዚያ ቀዝቃዛ ውሃ አንድ እርምጃ ሲመለሱ ይታየኛል። እሳቸው ግን ፈገግ እንዳሉ ቆሎ ያዞራሉ!

የቆሎው ነገር አዳነን። ከጋሽ ጌታነህ እጅ ጥቂት ፍሬ አምልጦ ወደቀ። ሊያነሱ አጎነበሱ… እንዳጎነበሱ ቀሩ።

«ይሄ የካውያ ጠባሳ…»

«ምን ሆኑ ጋሼ?» አለች ባለሙያዋ።

«ይሄን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ! ለፋሲካ ሱሪዬን ስተኩስ! ሚስቴ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች! ይሄ እኮ የኔ ምንጣፍ ነው!»

እትዬ አስካለ አቀረቀሩ። «እርስዎ ሥራ ላይ ሳሉ ባለቤትዎ ነች ያዋሰችኝ… እግዜር ይስጣት።»

ወዲያው ጠጅ ቤት ያላት ጎረቤታችን በሩን ከፍታ ገባች። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ቴሌቪዥኔን ልውሰድ፤ ደንበኞቼ ጮኹብኝ!» አለች። አያይዛም ብርጭቆዎቿን ሰበሰበች። መጋረጃውም የሷ ነበር። ጋሽ ጌታነህ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ቤቱ ውስጥ መደብ፣ ጥላሸትና የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ቀሩ።

«ለካ ማመልከቻው እውነቱን ነው» አለች ባለሙያዋ። በግጥም ሕይወቴ እንደዚህ ያለ ሙገሳ አላገኘሁም!

አዲስ ቅጽ አወጣች። የእትዬ አስካለን አውራ ጣት ቀለም አስነክታ ስታስፈርም ወረቀቱ ላይ ያረፈው ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። የጣታቸውን መስመር ሳሙና በልቶታል። ጋሽ ጌታነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ያለ ሥራ የሚደገፉ በይና ጻፊ» አሉ። ልጨፍር ምንም አልቀረኝም።

ወንበሬን ተሸክሜ ወጣሁ። «የሱ መሆኑንስ በምን እናውቃለን?» ብለው ሁለቱም ተከተሉኝ፤ እትዬ አስካለም አብረው። ባለሙያዋ ወደ ክፍሌ አንገቷን አስገባች። ፍራሽ፣ ደብተር፣ አንድ ሻማ።

«የቀረውን ዕቃ ለማን አውሰህ ነው?»

«ለማንም።»

«ሥራህስ?»

«ገጣሚ።»

ጋሽ ጌታነህ ምንጣፉን ከትከሻቸው አወረዱ። «ሌላ ቅጽ አውጪ! መንገድ ጠረጋ ላይ ይመዝገብ። ሐሙስ መጥተን እናጣራለን።»

እነሱ ሲሄዱ መግቢያ አጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ አስካለ አጠገቤ ቆመው በዚያ ባበጠ እጃቸው ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«አይዞህ ልጄ፣ አትፈር» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ለሐሙስ ምንጣፉን እዋስልሃለሁ!»