የጎፋዋ ፈታይ

የዓመት ፈቃድ ለትዳር ጥሩ አይደለም። ሥራ ውሎ የሚገባ ባል ይናፈቃል፤ ደክሞት ይሆናል ተብሎ ይታዘንለታል። ሶፋ ላይ ተጋድሞ የዋለ ባል ግን እንደ ዕቃ ነው የሚታየው። ቤት ሲጠረግ "እግርህን አንሳ" ይባላል፣ ያነሳል፤ "አውርድ" እስኪባል ይጠብቃል።

እኔም አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ በሰላም ተጋድሜ ነበር። ሐሳቤ ምንም አለመሥራት ነው። ባለቤቴ በላይነሽ ግን ፋታ የላትም። ልጃችን ምህረት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። በላይነሽ ለሕፃኑ ሹራብና ካልሲ ትሠራለች፤ ለአራሷ ደግሞ ጋቢ የሚሆን ጥጥ ትፈትላለች። የሹራብ መርፌዋን ስታስቀምጥ እንዝርቷን ታነሳለች፤ እንዝርቷን ስታስቀምጥ መርፌዋን። እኔ እሷን እያየሁ ደከመኝ።

"አይዞሽ" ማለት ሲገባኝ ምን ብል ጥሩ ነው? እንዝርት ማዞር ደግሞ ምን ሥራ ነው አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በላይነሽ አልተቆጣችም። ሚስት ሳትቆጣ ስትቀር ነው መፍራት። ትርፍ እንዝርቷን ተነድፎ ከለሰለሰ ጥጥ ጋር አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና "በል የምህረት አባት፣ ሥራ ካልሆነማ ተጫወትበት" አለችኝ።

አሁን ችግሬን ተረዱልኝ። እኔ ባደግሁበት አገር ወንድ ይሸምናል እንጂ አይፈትልም። ሸማኔ ቢሆን ባለሙያ ነው፤ እንዝርት ቢይዝ ግን መንደሩ ሙሉ ዓመት ይስቅበታል። እኔ ደግሞ የእድር ጸሐፊ ነኝ፣ ትንሽ ክብር አለችኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግሁት በላይነሽን ለማንም እንዳትናገር ማስማል ነበር። "ገብርኤልን! ከአፌ አይወጣም" አለች። እኔም እፎይ አልኩ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ... የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ከዚያ እንዝርቱን ጭኔ ላይ ሳሽከረክረው ክር መጣ። መጣና ተበጠሰ። ሳቀጥነው ይበጠሳል፣ እንዳይበጠስ ስል ይወፍራል። በላይነሽ ጎንበስ ብላ አየችውና "ጋቢ እንኳን አይሆንም። በግ ግን ይታሰርበታል" አለች።

ደግነቱ በማግስቱ ገብርኤል ሆነ። በበዓል ጥጥ አይፈተልማ! "እኔ ሃይማኖት አለኝ፣ ዛሬ እንዝርት አልነካም" ብዬ ወደ ሶፋዬ ተመለስኩ። በላይነሽ እንዲህ ያለ መንፈሳዊ ባል እንዳላት ስታውቅ ደስታዋን አልቻለችውም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ለእኔም ጋቢ አወጣች፣ እየነዳች ብስራተ ገብርኤል ወሰደችኝ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆምኩ። ቤት ገብቼ ሶፋዬ ላይ ስወድቅ፣ መፍተል በስንት ጣዕሙ አልኩ።

እና በነጋታው፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ክሩ አልበጠስ አለኝ። ክንዴን ሙሉ ተዘረጋ። እንደ ሕፃን ፈነጠዝኩ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? ምሳ ቀርቦ "ይቺን ልጨርስ" እላለሁ። ስልክ ሲደወል "ስብሰባ ላይ ነኝ" እላለሁ። ደግሞ አንድ ሐሳብ ልቤ ውስጥ ገባ፦ ልጄ በምትለብሰው የአራስ ጋቢ ውስጥ የእኔም ክር ትኑርበት፤ አንዲት እንኳን ብትሆን።

በዚህ መሃል ሬድዋን ከች አለ። ሬድዋን ከሕንፃችን ሥር ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው፤ የልብ ወዳጄ ነው፤ በር የሚያንኳኳው ግን ከገባ በኋላ ነው። እንዝርቱን ሶፋው ላይ ወርውሬ ተቀመጥኩበት። የእንዝርት ጫፍ ምን ያህል ሹል እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሬድዋን ውሃ ከጠፋ መሰንበቱን ያወራልኛል፤ የእኔ ዓይን እንባ ሞልቷል። ወሬውን አቆመና ትከሻዬን ይዞ "አይዞህ ወንድሜ፣ ውሃው ይመጣል" አለኝ። እንዲህ ሆደ ቡቡ መሆኔን እንደማያውቅም ነገረኝ።

በማግስቱ ጠዋት እንዝርቴን ብፈልግ የለም። በላይነሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። "ዛሬ ማርያም ናት። ሃይማኖትህስ?" አለችኝ። አንዲት ክንድ ብቻ ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች። ሰው በራሱ ሃይማኖት እንዲህ ይታሰራል?

ብቻ ቅዱሳኑ በፈቀዱልኝ ቀን ሁሉ ፈተልኩ። ፈቃዴ ሲያልቅ የፈተልኩትን በሁለት እጄ ይዤ ለበላይነሽ አቀረብኩ። አገላብጣ አየችው፣ ዳሰሰችው። "ለስላሳ ነው። ለጋቢ ግን አሁንም ወፍራም ነው" አለች። ልቤ ስብር አለ። ክሬንም ወሰደችው፤ የት እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም። ለምን ልጠይቅ? የበግ መጎተቻ ሆኖ እንዳላየው ነው የፈራሁት።

ምህረት በሰላም ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል፤ ሬድዋንም ሚስቱን ይዞ መጥቷል። ሕፃኗን አቀፍኳት። ጭንቅላቷ ላይ ነጭ የሹራብ ኮፍያ አለ። ከግንባሯ በላይ ክሩ አንዲት ቦታ ላይ ጉብ ብሏል። ያቺን ጉብታ አወቅኋት። ሬድዋን ድንገት የገባ ጊዜ ያበላሸኋት ናት! ለጋቢ የወፈረው ለሹራብ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። እንባዬ መጣ፤ ይሄኛው ከእንዝርቱ ጫፍ አልነበረም።

ሴቶቹ ኮፍያውን እየዳሰሱ "በላይነሽ፣ ይሄን ክር ማን ፈተለልሽ? እንዴት ይለሰልሳል!" አሉ። እኔ ኮሌታዬን አስተካክዬ ቀና አልኩ። በላይነሽን በዓይኔ "ተናገሪ" አልኳት። እሷ ግን የማለች ሴት ናት።

"ጎፋ ያለች አንዲት ባልቴት ናት" አለች። "ሥራ ፈት ናት፣ ወሬም ታበዛለች። እጇ ግን አይከፋም።"

"ኧረ እኔ ነኝ የፈተልኩት" አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የምህረት አማት እንባዋን እየጠረገች፣ አባታችን እንዴት ጨዋታ ያውቃሉ አለች። እውነቴን ነው ብዬ ማልኩ፤ ባሰባቸው። ሬድዋንን እርዳኝ ብዬ አየሁት። እሱማ ውሃ ሲጠፋ የሚያለቅስ ሰው ነው፣ ዝም በሉት አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነፍሰ ጡሮች ለባልቴቷ አድርሺልን እያሉ ለበላይነሽ ጥጥ ልከዋል። የሬድዋን ሚስትም ለእህቷ ልጅ አዛለች፤ ጥጡን ተሸክሞ ያመጣው ራሱ ሬድዋን ነው፣ እንደ ልማዱ ሳያንኳኳ። ደግነቱ አሁን የት እንደምቀመጥ አውቃለሁ።

በሉ ልነሳ። ነገ ሚካኤል ስለሆነ አይፈተልም፤ ባልቴቷ ደግሞ ትእዛዝ በዝቶባታል።