መግቢያው ይቆረጥ

(የሙዚቃ አሳታሚ ጠባብ ቢሮ። መደርደሪያው ላይ ያልተሸጡ ካሴቶች አቧራ ለብሰዋል። አሳታሚው ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ አይነቅልም። ዘፋኙ ፊት ለፊቱ ቆሟል።)

አሳታሚ፦ ይቆረጣል አልኩህ፣ ይቆረጣል!

ዘፋኝ፦ ጋሼ፣ መግቢያውን የነፋው እኮ የሚስቴ ወንድም ነው። ሳክስፎኑ ከወጣ እኔም ከቤት መውጣቴ ነው።

አሳታሚ፦ ስማኝ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ድሮ ሰው በካሴት ነበር የሚሰማው። አንድ ዘፈን ለመዝለል ማጠንጠን አለበት። ማን ይነሳል ብሎ ዝም ብሎ ይሰማሃል።

ዘፋኝ፦ እኔ ወደውኝ መስሎኝ!

አሳታሚ፦ ሰንፈው ነው። አሁን ግን የሚሰሙህ በስልክ ነው።

ዘፋኝ፦ ለሁሉም ልደውልላቸው ነው?

አሳታሚ፦ ኧረ በፈጠረህ! ዘፈኑ እዚያው ስልካቸው ላይ አለ። ካልጣማቸው በጣት ነካ፣ አለቀ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ካለፉህ እንደተሰማም አይቆጠርልንም።

ዘፋኝ፦ የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ላይስ?

አሳታሚ፦ ገጽ የሚባል ነገር ቀርቷል!

ዘፋኝ፦ (ደንግጦ) ታዲያ የማያምሩትን ዘፈኖች የት እንደብቃቸዋለን?

አሳታሚ፦ (ደስ ብሎት ወንበሩን ጠጋ አድርጎ) ቁም ነገሩ እሱ ነው! መደበቂያ የለም። እያንዳንዱ ዘፈን ለብቻው ነው የሚቆመው። ስለዚህ ገና ሲከፈት ድምፅህ ዱብ ይበል። በዚህ ዘመን አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳክስፎን የሚጠብቅ ጅል የለም!

ዘፋኝ፦ አንድም?

አሳታሚ፦ አንድም! አሁን ዝም በል፤ ዘፈንህን ኢንተርኔት ላይ የሚያወጡት ሰዎች ሊደውሉ ነው። ካላነሳሁ ተራችንን ለሌላ ይሰጡታል።

(ስልኩ ይጠራል፤ የሳክስፎን ድምፅ ቢሮውን ይሞላዋል። አሳታሚው ዓይኑን ይጨፍናል።)

ዘፋኝ፦ ጋሼ፣ ይሄ የእኔ ዘፈን አይደለም እንዴ?

አሳታሚ፦ ትናንት የስልኬ መጥሪያ አደረግኩት። ቆይ፣ እዚህ ጋ ከፍ ይላል...

ዘፋኝ፦ ጋሼ፣ ስልኩ...

አሳታሚ፦ (ራሱን እየወዘወዘ) አትረብሸኝ! ድምፅህ ሊገባ ነው!

(ስልኩ ጸጥ ይላል።)

አሳታሚ፦ ምነው ተቋረጠ?

ዘፋኝ፦ ሰዎቹ ታክቷቸው ዘጉት።

(አሳታሚው ዘሎ ስልኩን ያነሳና መልሶ ይደውላል። ይጠራል፤ ይጠራል።)

አሳታሚ፦ አያነሱም! ምን ነክቷቸው ነው የማያነሱት?

ዘፋኝ፦ (ወንበር ስቦ እየተቀመጠ) ትንሽ ይታገሱ፣ ጋሼ። መግቢያውን እየሰሙ ይሆናል።