ጋራዥ ሲደርስ የሚድነው ሞተር

ጥርስህን አሞህ ያውቃል? ሳምንት ሙሉ ሲያንገበግብህ ይከርምና ሐኪሙ በር ላይ ስትደርስ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጸጥ ይላል። ሐኪሙ የቱ ነው ይልሃል። አንተ አፍህን ከፍተህ በጣትህ ፍለጋ ትጀምራለህ። እኔማ አንድ ጊዜ ከማፈር ብዬ ደህናውን አስነቅያለሁ። ምን ላድርግ? ሰውየው ጉጠቱን ይዞ ቆሟል፣ ባዶ እጁን ልመልሰው?

ይህ ጠባይ የጥርስ ብቻ እንዳይመስልህ። ሞተር ብስክሌትም እንዲሁ ነው። ስማኝማ።

የንጉሡ ሹማምንት አስመራን ሞልተዋት፣ ደብዳቤው ሁሉ በአማርኛ በሚጻፍበት ዘመን እኔ አቦይ ተስፉ ጋራዥ እሠራ ነበር። እሠራ ነበር ስልህ እንግዲህ አምነህ ተቀበል። አቦይ ተስፉ ሙያቸውን የተማሩት ከአንድ ጣሊያን ነው። ጣሊያኑ አገሩ ሲገባ መፍቻዎቹን ትቶላቸው ስድቡን ብቻ ይዞ ሄደ። ስለዚህ አቦይ ተስፉ ዝምተኛ መካኒክ ሆኑ።

የእኔ ሥራ ምን መሰለህ? ሌላው ጋራዥ ኤሌክትሪክ የሚፈተሸው አምፖል ባለው ሽቦ ነው። የእኛ ጋራዥ መፈተሻ እኔ ነበርኩ። “ባህታ፣ ያችን ሽቦ ያዝ” ይሉኛል። ይዤ ከዘለልኩ ኤሌክትሪክ አለ። ካልዘለልኩ ወይ ኤሌክትሪክ የለም፣ ወይ እንቅልፍ ወስዶኛል። ከሁሉ የሚብሰው የካንዴላው ገመድ ነው፣ ያ ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለው። አንድ ቀን እሱ ሲነዝረኝ ባርኔጣዬ ከራሴ ላይ ተነሥታ ሄደች። በሳምንቱ ከከረን የመጣ ሰው አምጥቶ ሰጠኝ።

ወልዱ ወደ እኛ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ወልዱ እንደ እኔ የጸጸራት ሰፈር ልጅ ነው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አድራሽ። ቁመቱ ከመብራት ምሰሶ እኩል ስለሆነ ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱና ጆሮው ይነካካሉ። ሞተሩ የመንግሥት ነው፣ አሮጌ የጣሊያን ሥሪት። ጭንቀቱ ግን የራሱ የወልዱ ነበር። ለምን በለኝ። አለቃው አቶ አስፋው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ሰዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። ወልዱ ደጋግሞ ሲያረፍድባቸው ጊዜ አስጠሩትና አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። “አሰብ!”

አሰብን ታውቃታለህ? ዶሮ እንቁላሏን ቀቅላ የምትጥልባት አገር ናት። አንድ የማውቀው ሰው እዚያ ወርዶ ሲመለስ ጥላው እንኳ ጠቁሮ ነበር። ሙቀቱስ ይቻል ነበር። ወልዱ ግን ለእናቱ ለአደይ ብርኽቲ አንድ ነው። ባላቸው ሞተዋል፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ቤተ ክርስቲያን ደግፎ የሚያደርሳቸው እሱ ነው። ወልዱ አሰብ ወረደ ማለት የአደይ ብርኽቲ በር ተዘጋ ማለት ነው።

እና ሞተሩ ምን ሆነ? ጠዋት ከቤት ሲነሣ ጤነኛ ነው። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ይሄድና ድርግም! ወልዱ ይወርዳል፣ ይገፋል። ከጸጸራት እየገፋ ይወጣል፣ ፀሐይዋ ጀርባውን እየጠበሰችው እኛ ጋ ይደርሳል። አቦይ ተስፉ በእግራቸው አንዴ ይረግጡታል። ዱቅ ዱቅ ዱቅ! እንዲያውም ከበፊቱ አምሮበት። ወልዱ ያፍራል። እየማለ “አቦይ፣ አሁን ሞቶ ነበር እኮ!” ይላል። እኔ ደግሞ እንኳን ለዚህ አበቃህ እለዋለሁ።

አቦይ ተስፉ ሞተር ሲመጣላቸው ዘለው መፍቻ አያነሡም። መጀመሪያ ዙሪያውን ይዞሩታል። ከዚያ ሻሂያቸውን ይዘው ይቀመጡና ይጠይቃሉ። ሲጠፋ እየተንተፋተፈ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ? እየተንተፋተፈ ከሆነ ቤንዚን አጥሮታል። በአንድ ጊዜ ከሆነ ሽቦ ነው። ወልዱ በአንድ ጊዜ ነው አለ። “ሕራይ” አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው። ሽቦ ነው።

ሽቦ ሲሉ እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ደበቅሁ። አላዳነኝም። ካንዴላው ተለወጠ። ሞተሩ በማግስቱ ቆመ። ገመዱ ተለወጠ፣ ቆመ። የተላጠ ሽቦ የሞተሩን ብረት ሲነካ እኛ “ማሳ ነካ” እንላለን፤ አቦይ ተስፉ ማሳ የነካ ሽቦ ፍለጋ ከፊት እስከ ኋላ በጣታቸው ዳሰሱት፣ እኔም ከፊት እስከ ኋላ ዘለልኩ። በዚያ ሳምንት የዘለልኩትን ወደ አንድ አቅጣጫ ዘልዬው ቢሆን ምጽዋ እደርስ ነበር።

በመጨረሻ የፊት መብራቱን ፈቱት። የዚያ ሞተር ሽቦዎች ሁሉ የሚገናኙት ከመብራቱ በስተኋላ፣ በክቧ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሞተሩን የሚያጠፋው ሽቦም እዚያው ነው፣ ማሳ ከነካ ሞተሩ ይጠፋል። ውስጡ ግን ደረቅ ነው፣ የተላጠም የለም። ግራጫ ዱቄት ብቻ ተኝቶበታል። አቦይ ተስፉ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው አዩትና የጸጸራት አቧራ ነው አሉ። እኔ ተቆጣሁ። የጸጸራት አቧራ ቀይ ነው! የሰፈሬን አቧራ አላውቅም? የሚሰማኝ ግን አልነበረም። ዱቄቱን በብሩሽ ጠርገው መልሰው ገጠሙት።

በማግስቱ ሞተሩ እንደ ልማዱ ቆመ። ወልዱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። አቶ አስፋው የመጨረሻውን ቀን ቆርጠውለታል፤ ሰኞ ካረፈድክ የአሰብ ደብዳቤህ ይጻፋል ብለውታል።

አቦይ ተስፉ ሞተሩን አንድ ጊዜ ዞሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “ይህ ሞተር እኛ ጋ አይታመምም፣ የሚታመመው ቤቱ ነው። ሰኞ ጠዋት ሂድና ቤቱ እየው” አሉኝ።

ሰኞ ገና ጎሕ ሲቀድ ከአደይ ብርኽቲ ግቢ አጠገብ ካለው የበለስ አጥር ውስጥ ገባሁ። የበለስ እሾህ ያውቅሃል? እኔን አውቆኛል። ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ከአንድ ቦታዬ ብቅ ይላል፣ ቦታውን አልነግርህም።

ወልዱ ከውስጥ ፊቱን ሲታጠብ ይሰማኛል። ሞተሩ ደጅ ቆሟል። ይኸውልህ፣ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ፣ አደይ ብርኽቲ ጠርሙስ ይዘው እያነከሱ ወጡ። አማተቡ። ከዚያ ጸበሉን በሞተሩ የፊት መብራት አናት ላይ ወለል አድርገው አፈሰሱት። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ከመቀነታቸው እምነት አወጡ፣ ያን የቤተ ክርስቲያኑን አመድ፣ በጸበሉ ለውሰው በመብራቱ ዙሪያ መስቀል መስቀል አደረጉ። ሲጨርሱ ልጃቸው እንዳያይ ከላይ ከላይ በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት።

ግራጫው ዱቄት! የጸጸራት አቧራ ስሙ ነጻ ወጣ።

ከበለሱ ውስጥ ወጣሁ። አደይ ብርኽቲ ደነገጡ።

“ዋእ! ባህታ ወደይ፣ ልጄ፣ በለስ ውስጥ ምን ትሠራለህ?”

“በለስ እየለቀምኩ ነው፣ አደይ።”

“በዚህ ወር?”

በዚያ ወር በለሱ እንኳን ሊበስል አበባም የለውም። እሳቸውም የያዙትን ጠርሙስ ሊደብቁ ፈለጉና ቦታ ስላጡ ነገሩኝ። ሞተሩ መጀመሪያ ቤት የገባ ቀን ጥቂት አፍስሰውበታል፤ ልጃቸውን የሚሸከም ነገር ሳይባረክ ይሄዳል እንዴ? በማግስቱ ቆመ። የሰው ዓይን ነው ብለው ጨመሩ። እንደገና ቆመ። እምነት ጨመሩበት። ወልዱ የመጀመሪያውን ቀን አይቶ የመንግሥት ንብረት ነውና አትንኪብኝ ብሏቸው ስለነበር ተደብቀው ነው የሚያፈሱት።

“መንግሥት ጸበል አይረጭም እንዴ?” አሉኝ። “አሰብ እንዳይወስዱብኝ ብዬ ነው፣ ወደይ።”

አናቱ ላይ ለምን እንደሚያፈሱ ጠየቅኋቸው። እንደ ሞኝ አዩኝ። ጸበል በራስ ነው እንጂ በጀርባ ይጠመቁታል?

ወዳጄ፣ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? ጸበሉ ወደ ቆርቆሮዋ ወርዶ፣ በመንገዱ ንቅናቄ ሽቦውን ከማሳ እያገናኘ፣ ጋራዥ እስኪደርስም በፀሐይ እየደረቀ፣ ልጅዎን አሰብ ሊያወርድብዎ ነው ትላለህ? እኔ አላልኩም። እኔ የማውቀውን አደረግሁ፣ ዋሸሁ።

“አደይ፣ ራሱን ስተውታል። ሰውን የሚመራው ራሱ ነው። ሞተርን ማን ይመራዋል? የፊት ጎማው! ስለዚህ የሞተር ራስ ጎማው ነው።”

ጥቂት አሰቡበት። “እወ፣ እውነትህን ነው” አሉ በመጨረሻ፣ “ከበር ሲወጣም ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው።” ገብተው ጠርሙሱን ሊሞሉ ሲሄዱ እኔ በካቻቪቴዬ መብራቱን ፈትቼ፣ ወልዱ ጫማውን እስኪያስር በሸሚዜ አደረቅሁት። ጎማው ተጠመቀ። ሞተሩ ሄደ። ወልዱ የዚያን ቀን ቢሮ የደረሰው ከዘበኛው ቀድሞ ነው።

ወር ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ሞተሩ አንድ ቀን እንኳ አልቆመ። አቶ አስፋው ወልዱ ሲገባ እያዩ ሰዓታቸውን ይሞሉ ጀመር። እኔ ሰፈር ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። አቦይ ተስፉ እንኳ አንድ ቀን ሻሂ ጋበዙኝ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ አልነበረም?

አላለቀም። አንድ ቀን አደይ ብርኽቲ በእነዚያ ጉልበቶቻቸው ከጸጸራት በእግራቸው ጋራዣችን ድረስ መጡ። ወንበር ሰጠናቸው። አቶ አስፋው ወልዱን ጠርተው አመሰገኑት አሉን። እንዲህ ያለ ሰዓት አክባሪ ሰው አስመራ መባከን የለበትም ብለዋል። ሹመት ሊሰጡት ነው። ከወሩ መጨረሻ በኋላ ይሄዳል።

“የት?” አልኩ እኔ ሞኙ።

“አሰብ” አሉ።

አደይ ብርኽቲ ቀና ብለው አዩኝ። “ራሱ ላይ ሳፈስ ልጄ ቤቱ ነበር። ጎማው ላይ ባፈስ ሊሄድብኝ ነው። እስቲ ንገረኝ ባህታ፣ ራሱን የሳተው ማን ነው?”

መሬት መሬቱን ማየት ጀመርኩ። አቦይ ተስፉ ግን ሻሂያቸውን አስቀምጠው እንደ ሞተር ጉዳዩን ዞሩት። ሞተሩ በየቀኑ ቢቆም ወልዱ ለቅጣት አሰብ ይወርዳል። ጭራሽ ባይቆም ለሹመት አሰብ ይወርዳል። እንግዲህ ልክ ያስፈልገዋል። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሽቦ ከማሳ ሲያላቅቁ የኖሩት አቦይ ተስፉ ተነሡ፣ ካቻቪቴ አነሡ፣ ደጅ የቆመ፣ የወልዱን የመሰለ የሌላ ሰው ሞተር መብራት ለማሳያ ፈቱና አደይ ብርኽቲን ጠሩ።

“እዚህች ጋ ናት፣ አደይ። ከላይ በዚች ቀዳዳ ይገባል። እምነቱ ይቅር፣ ያጨቀየዋል። ሦስት ጠብታ ብቻ። በሳምንት አንድ ቀን። የትኛው ቀን ይመችዎታል?”

አደይ ብርኽቲ ሳያመነቱ “ዓርብ” አሉ። “የጾም ቀን ነው።”

ከዚያ ወዲህ የወልዱ ሞተር ዓርብ ዓርብ ይጾም ጀመር። በሌላው ቀን ይበራል፣ ዓርብ ሁለት መቶ እርምጃ ሄዶ ቀጥ! ለወልዱ የነገረው ሰው የለም፣ እሱም የጠየቀው ሰው የለም። ዓርብ ዓርብ ግን ከቤት ሲወጣ ለመግፋት የሚመች ጫማ ማድረግ እንደጀመረ በዓይኔ አይቻለሁ።

በሦስተኛው ዓርብ አቶ አስፋው የተጻፈውን የሹመት ደብዳቤ መልሰው መሳቢያቸው ውስጥ ወረወሩት። “አሰብ ላሉት ሰዎች አንተን ልኬ ልሰደብ? ለማባረር ታሳዝናለህ፣ ለመሾም ታሳፍራለህ! እስክትሸብት እዚሁ አስመራ ትቀመጣለህ!” ብለው ጮኹበት።

ወልዱ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ መጣና ይህንኑ ለእናቱ ነገራቸው። አደይ ብርኽቲ እልልታቸውን አቀለጡት። የጸጸራት ሰው ማን አገባ ብሎ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበርና ምን ተገኘ ብለው ያዙኝ። ወልዱን አለቃው ሰደበው አልኳቸው። ምንም አልገባቸውም፣ ግን አደይ ብርኽቲን ሲያዩ አብረው እልል አሉ።