የላፕቶፑ ጓዳ

ዘሐራ፦ አይገባም አልኩህ! ከዓሣው አጠገብ?

ጀሊል፦ እት ዘሐራ፣ ፕሮሰሰሩ ግሏል እያልኩሽ ነው። የጋለ ነገር ማቀዝቀዣ ይገባል። ይሄም ትምህርት ይፈልጋል?

ዘሐራ፦ ስታወጣው ያልበዋል። ዶሮ ሳወጣ አያለሁ፤ ውኃው እስከ ወለል ይንጠባጠባል።

ጀሊል፦ ዶሮና ላፕቶፕ አንድ ነው?

ዘሐራ፦ አንድ ናቸው አላልኩም። ዶሮው እንኳ በኋላ ይበላል።

[ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ደማም ከተማ፣ አል አዳማ ሰፈር፣ ዘሐራ ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር የተከራየችው ቤት። ጁምዓ ተሰግዶ አልቋል። ሴት ብቻዋን ከወንድ ጋር ተቀመጠች እንዳይባል በሩ ገርበብ ብሏል። ዘሐራ ኾበር ውስጥ በአንድ ቤት ምግብ ታበስላለች። ላፕቶፑን የሰጠቻት የአሠሪዋ የማዳም ልጅ ናት። ዛሬ ከዐስር ሰላት በኋላ የአገሯ ልጅ ሙሐመድአሚን ኹሩጁን፣ የመውጫ ቪዛውን፣ ይዞ ወደ አገር ሲገባ ያደርሰዋል፤ ልጇ ጀነት ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ጠዋት ዘሐራ ላፕቶፑን ከፍታ፣ ሦስት ሻሽ አጥባ አስጥታ ስትመለስ፣ የስክሪኑ ክብ ምልክት ገና ይዞር ነበር። ይህን አይታ ነው የአክስቷን ልጅ ጀሊልን ያስጠራችው። ጀሊል በኢንዱስትሪ ከተማው መጋዘን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። የሦስት ቀን የኮምፒውተር ሥልጠና ወስዷል፤ ሰርተፊኬቱን በላስቲክ አስለብጦ ይዞት ይዞራል።]

ጀሊል፦ [ሰርተፊኬቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ] እሺ፣ በትዕግሥት ላስረዳሽ። ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል ነው። በአንድ ሰኮንድ ቢሊዮን ጊዜ ያስባል።

ዘሐራ፦ ምኑን?

ጀሊል፦ ሁሉንም!

ዘሐራ፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ እያሰበ ጠዋት የከፈትኩትን እስካሁን ለምን ያዞራል?

ጀሊል፦ ሜሞሪው ሞልቶበት! ያንቺ ፎቶ፣ የጀነት ወረቀት፣ ምናምን ተጠቅጥቆበት። ካቻቢቴውን አቀብዪኝ። ከሥሩም ትራስ አድርጊለት፣ እንዳይጫር።

ዘሐራ፦ ትራስ የት አለኝ? ያቺ ሰማያዊ አበባ ያላት ትራሴ ከጠፋች ሁለት ወሯ። በፎጣ አድርገው።

ጀሊል፦ [ቶሎ ብሎ] ፎጣም ይሆናል! ፎጣ እንዲያውም ይሻላል!

[ጀሊል ላፕቶፑን ገልብጦ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። ዘሐራ አንዳቸውም እንዳይጠፉ በሻይ ሳህን ላይ ደረደረቻቸው፤ ረጃጅሞቹን ወደ ቀኝ፣ አጫጭሮቹን ወደ ግራ። ጀሊል ከማስቲካ ትንሽ የምትበልጥ አረንጓዴ ቁራጭ መዝዞ አወጣ።]

ጀሊል፦ ይችውልሽ። የጀነት ሰርተፊኬት፣ የልደት ወረቀቷ፣ ሁሉም ያለው መዳፌ ላይ ነው።

ዘሐራ፦ [ደረቷን ይዛ] ሱብሃነላህ! መልሳት! እነሱን አትማ ነው የምትመዘገበው!

ጀሊል፦ ሙሐመድአሚን በኪሱ ይይዛታል፣ ምን ያስጨንቅሻል?

ዘሐራ፦ ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትስቅ ግን።

ጀሊል፦ ቃል አልገባም።

ዘሐራ፦ ባለፈው ለጀነት ደብዳቤ ስጽፍላት፣ በአንድ ጣት፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ፈጀብኝ። ሳላስቀምጠው ባትሪው አለቀና ደብዳቤው ጠፋ። ፎቶዎቹ ግን አልጠፉም። አንድ ቦታ ከሆኑ ለምን አብረው አልጠፉም?

ጀሊል፦ ደብዳቤ... ደብዳቤ ቀላል ነው። ፎቶ ይከብዳል። ቀላል ነገር ይበናል።

ዘሐራ፦ ለእኔ ሌላ ነው የሚመስለኝ። አንጎሉ እንደኔ ምግብ አብሳይ ነው እንበል። ባለፈው ረመዷን ማዳም ሳምቡሳው ዘገየ ብላ አንዲት ፈጣን ልጅ አመጣች። ወላሂ፣ ስትጠቀልል እጇ አይታይም። ግን የተሰጣት ጠረጴዛ ከአንድ ትሪ በላይ አያስቀምጥም። ሊጡን ስታወጣ ሥጋውን ጓዳ ትመልሳለች፤ ሥጋውን ስታመጣ ሊጡን ትመልሳለች። አዛን አለ፣ ሳምቡሳ የለም። በማግስቱ ማዳም ረጅም ጠረጴዛ ገዛች፣ ኸላስ። ያቺው ልጅ ናት፣ ጓዳውም ያው ነው፤ ለአዛን አንድ ሰዓት ሲቀረው ጨረስን።

ጀሊል፦ እና?

ዘሐራ፦ ያቺ የያዝካት ጠረጴዛው ብትሆንስ? ማታ ስወጣ ጠረጴዛውን እጠርገዋለሁ፤ ጓዳ ያላስገባሁት ይደፋል፣ እንደ ደብዳቤዬ። ጓዳ ያለው ግን ያድራል።

ጀሊል፦ [ለረጅም ጊዜ ስቆ] እት ዘሐራ! ይሄ በቢሊዮን የሚያስብ ማሽን ነው፤ አንቺ ሳምቡሳ ታስጠቀልይዋለሽ! ሰርተፊኬቱን አንብቢዋ!

ዘሐራ፦ [ጎንበስ ብላ አነበበች] «ተሳትፏል» ነው የሚለው።

ጀሊል፦ እሱን ተዪው። [ከኪስ ቦርሳው፣ ከመኖሪያ ፈቃዱ ከኢቃማው ጀርባ፣ በማስቲካ ወረቀት የተጠቀለለች ሌላ ቁራጭ አወጣ] ለአንቺ ስል የራሴን አስገባልሻለሁ። ትልቅ ናት፣ የአንቺን አራት እጥፍ።

ዘሐራ፦ አላህ ይስጥልኝ። ከየት አመጣሃት?

ጀሊል፦ ያን ላፕቶፔን ለአለቃዬ ለጋሽ ገለታ ስሰጠው ነቅዬ ያስቀረኋት። የዒድ ፈቃዴን የሚፈርመው እሱ ነዋ።

ዘሐራ፦ ከሰጠኸው ለምን ነቀልክበት?

ጀሊል፦ አንቺስ ስልክ ለሰው ስትሰጪ ካርዱን አታወጪም?

ዘሐራ፦ አወጣለሁ። ፎቶዎቼ ካርዱ ላይ ናቸዋ።

ጀሊል፦ በቃ! የኔም ጉድ ያለው እዚህች ላይ ነው። እሱ «አልበራም አለኝ» ሲለኝ፣ «ሜሞሪ ግዛለት» አልኩት። ባዶውን ወስዷል፤ ጉዴ ኪሴ ነው።

ዘሐራ፦ የምን ጉድ?

ጀሊል፦ [በሩን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ማንም እንዳይሰማ። ከመጋዘኑ ልጆች ጋር መኝታ ክፍል ሆነን፣ በቀሚሴ ሥር ትራስ ከትቼ ሆድ ሠርቼ፣ ጋሽ ገለታን ሆኜ የተቀረጽኩት ቪዲዮ ነው። አረማመዱን፣ «ያላ፣ ያላ» አባባሉን፣ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ማንኮራፋቱን ሳይቀር። ክፍሉ በሙሉ እያለቀሰ ነው የሳቀው።

ዘሐራ፦ አንተ! በሰው ሆድ!

ጀሊል፦ ለዚህ ነው፣ አሁን ሲበራ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሪ። አጥፍቼው ስጨርስ እጠራሻለሁ።

[ዘሐራ ታዛዥ ናትና ፊቷን አዞረች። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀለም ስንጥቅ እየተከተለች እስከ ጣሪያው ደረሰች። ከኋላዋ ጀሊል የማብሪያ ቁልፉን ደጋግሞ ሲጫን ሰማች።]

ጀሊል፦ እ... አልበራም። ፕሮሰሰሩ ሞቷል።

ዘሐራ፦ [ዞራ] ምን?

ጀሊል፦ ጥቁር ነው። እርምሽን አውጪ። ለጀነት ደብተር ይሻላታል፤ ደብተር ባትሪ አይፈልግም።

[ትናንት ማታ ጀነት በስልክ «እማ፣ ክፍላችን ውስጥ ላፕቶፕ የሌለኝ እኔ ብቻ እንዳልሆን» ብላታለች። ዘሐራ ከፎጣው አጠገብ ተንበርክካ አረንጓዴዋን ቁራጭ አየቻት። አንድ ጫፏ ቀና ብሏል።]

ዘሐራ፦ ጀሊል፣ ይቺ በደንብ ገብታለች?

ጀሊል፦ አስገብቻታለሁ አልኩሽ፣ በእጄ!

ዘሐራ፦ የግፊት ድስቱም ክዳን እኮ የገባ መስሎ ይቀመጣል። ቀጭ ካላለ ግን አልገባም። [በሁለት አውራ ጣቶቿ ለስለስ አድርጋ ተጫነች] ቢስሚላህ።

[ቀጭ! ገልበጥ አድርጋ ማብሪያውን ስትጫን ላፕቶፑ በራ። ዘሐራ ክቡን ቆማ ልትጠብቅ ወገቧን ስታቀና፣ ክቡ ሁለቴ ዞሮ ጠፋ። የጀነት ፎቶ ስክሪኑን ሞላው፤ ከጎኑ የልደት ወረቀቷ፣ ሰርተፊኬቷ፣ አንድ ሳይጎድል ተደርድረዋል።]

ዘሐራ፦ አልሐምዱሊላህ! ጠረጴዛው ሰፋ፣ ጓዳው እንዳለ!

ጀሊል፦ ፊትሽን አዙሪ እንጂ! አሁን የኔ ቪዲዮ ይመጣል!

ዘሐራ፦ [አዙራ] መጣ?

ጀሊል፦ ቆይ... እዚህ የለም። እዚህም የለም። የጀነት... የጀነት... ያንቺ የሳምቡሳ ፎቶ። ደግሞ የጀነት። የኔ የት ገባ?

ዘሐራ፦ [ፊቷን ሳትመልስ፣ ቀስ ብላ] ጀሊል፣ አንተ ከላፕቶፕህ ያወጣኸው ጠረጴዛውን ነው።

ጀሊል፦ እና?

ዘሐራ፦ ጓዳህን ለጋሽ ገለታ ሰጥተኸዋል።

[ካቻቢቴው ከጀሊል እጅ ወድቆ የሻይ ሳህኑን መታው። ዘሐራ መጀመሪያ ብሎኖቹን ቆጠረች፤ አንድም አልጎደለ።]

ጀሊል፦ ግን አይበራም! «አልበራም» ብሎኛል!

ዘሐራ፦ ጠረጴዛ የሌላት አብሳይ ምን ትሠራለች? ቆማ ታያለች። የተገዛላት ዕለት ግን...

ጀሊል፦ አትጨርሺው! ዛሬ ጁምዓ ነው! ዛሬ ኾበር ወርጄ ሜሞሪ አስገባለሁ ብሎኝ ነበር! እኔ ነኝ «ጥሩውን ግዛ፣ አትስሰት» ያልኩት!

[ከታች የመኪና ጡሩንባ ጮኸ። ሙሐመድአሚን ደርሷል። ዘሐራ የላፕቶፑን ሆድ ዘጋች፤ ረጃጅሞቹን ብሎኖች በረጃጅሙ፣ አጫጭሮቹን በአጫጭሩ ቦታ መለሰች። በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ፣ ፌስታል ውስጥ ከትታ ደረጃውን ወረደች። «እንዳይረጥብ፣ ከላይ እንዳይጫንበት፣ ለጀነት በእጇ» ስትል ሦስት ጊዜ ተሰማች። ስትመለስ ጀሊል ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሰርተፊኬቱን እያራገበ ተቀምጧል። ስልኩ ወለሉ ላይ እየጠራ ነው።]

ዘሐራ፦ አንሣው እንጂ።

ጀሊል፦ እሱ ነው። አንቺ አንሺልኝ። ታሟል በይው። በአገር የለም በይው።

ዘሐራ፦ ጁምዓ ቀን አልዋሽም። [አንሥታ ድምፁን ከፍ አደረገችለት] ሃሎ? ጋሽ ገለታ? አዎ፣ ጀሊል እዚሁ አለ፣ ይሰማዎታል።

የገለታ ድምፅ፦ [በጣም ረጋ ብሎ] ጀሊል፣ እንዳልከኝ ጥሩውን አስገባሁበት። በራ፣ እንደ መብረቅ ነው የሚሠራው። ደጋግሜ አየሁት፤ ለባለቤቴም አሳየኋት። ማንኮራፋቱ ቁርጥ የእኔ ነው ብላለች። ፈቃድህን ነገ ጠዋት እፈርምልሃለሁ፣ ግን ከሠራተኛው ሁሉ ፊት በአካል ከሠራህልን በኋላ። ያቺን ሰማያዊ አበባ ያላትን ትራስ ይዘሃት ና።

[ስልኩ ተዘጋ። ዘሐራ ባዶውን የሻይ ሳህን አነሣች፤ አስቀመጠች፤ እንደገና አነሣች።]

ዘሐራ፦ ሰማያዊ አበባ ያላት?

ጀሊል፦ እት ዘሐራ...

ዘሐራ፦ ሁለት ወር ሙሉ ፎጣ ተንተርሼ! [ሰርተፊኬቱን ከእጁ ወስዳ ብብቷ ሥር አደረገችው] ነገ ከሥራ ስትመለስ ትራሴን አምጣ፤ ያን ጊዜ ሰርተፊኬትህን ትወስዳታለህ። እስከዚያ ጓዳዬ ውስጥ ታድራለች። ጠረጴዛው ላይ ብተዋት እጠርጋታለሁ።