ሊቀ ካቴና ማናዬ

በየከተማው፣ ሰላምታ ሳይሰጥ ጉድለትህን የሚነግርህ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ የቤትህን ጣሪያ ይፈትሻል፣ ሌላው የልጅህን አስተዳደግ። ለሽንፋ ከተማ የደረሳት ግን የብስክሌት ካቴና መርማሪ ነው።

አቶ ማናዬ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት የእርሻ ትራክተር ሲጠግኑ ኖረው ሥራ ካቆሙ ወዲህ፣ መንገድ ዳር ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያለፈውን ብስክሌት ሁሉ ያስቆማሉ። የከተማው ሰው «ሊቀ ካቴና» ብሎ ሾሟቸዋል፤ እሳቸውም ሹመቱን አልመለሱም። አንድ ጊዜ ሚዜ አስቁመው፣ ከነሱፉ ብስክሌቱን ገልብጦ እንዲይዝላቸው አድርገዋል ይባላል።

ከሁሉ የተማረረችው ስርጉት ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለሆነች የወባ መድኃኒት ይዛ በየሰሊጥ እርሻው የምትዞረው በብስክሌት ነው፤ መንገዷም በሳቸው ደጅ ነው።

«ቁሚ! ካቴናው እያለቀሰ ነው!» ይሏታል ከሩቅ።

«ጋሽ ማናዬ፣ ቸኩያለሁ። ትናንት እኮ ዘይት ቀብቼዋለሁ።»

«የምን ዘይት?»

«የሰሊጥ።»

አቶ ማናዬ መርዶ እንደሰማ ሰው ራሳቸውን ያዙ። «ወጥ ልትሠሪበት ነው? ይኸ አቧራ ሲገባበት እኮ ሊጥ ነው የሚሆን!»

ከዚያ ትምህርቱ ይከተላል። ካቴናው በነጭ ጋዝና ባሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፣ በጨርቅ ይደርቃል፤ በየአንጓው አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጠብ ይደረግለታል፤ ላዩ ላይ የተረፈው ደግሞ ይጠረጋል፣ ዘይቱ የሚፈለገው ውስጡ ነውና። ስርጉት «እሺ» ትላለች፤ ትሄዳለች፤ አታደርገውም። ኋላማ በገበያው ጀርባ መዞር ጀመረች።

በጥቅምት፣ አጨዳው በደመቀበት ሰሞን፣ ከአንድ እርሻ ተደወለላት። ከጎጃም ለሥራ የመጣች አይናዲስ የምትባል ሴት ትኩሳቱ ጸንቶባት መነሳት አቅቷታል። ወደዚያ የሚወስደው ቀጭን የእግር መንገድ ባጃጅ አያስገባም። ስርጉት መድኃኒቱን አንጠልጥላ ስትበር፣ እዚያው ገበያው ጀርባ ካቴናው ቷ ብሎ ተበጠሰ።

እየገፋች ዳሱ ሥር ደረሰች። ቁጣቸውን ስትጠብቅ፣ አቶ ማናዬ ካቴናውን አንስተው ወደ አሚን የመለዋወጫ ሱቅ ቀደሟት።

አሚን የሚያብረቀርቅ አዲስ ካቴና ዘረጋ። «ከሱዳን የገባ ነው፣ አንደኛ!»

«ይኸ ቀጭኑ ባለ ብዙ ማርሽ ለሆነው ነው። የሷ አንድ ማርሽ ነው፤ ወፍራሙን አምጣ።»

ወፍራሙ ሲመጣ ስርጉት ካሮጌው ጎን አስተኝታ ልትለካው ስትል እጇን ያዙ። «በርዝመት አይለካም፤ አንጓ ቁጠሪ። አሮጌው ተለጥጧል።» እውነትም በእኩል አንጓ አሮጌው ባውራ ጣት በልጦ ተገኘ። ትርፉን ቆርጠው፣ ገጥመው፣ «በይ ሂጅ» አሏት።

ስርጉት ደረሰች። የሴትዮዋን ደም መርምራ ወባ መሆኑን አረጋግጣ የመጀመሪያውን ክኒን አስዋጠቻት፤ አይናዲስ በሦስተኛው ቀን ቆማ ሄደች። ስርጉት መድኃኒቱን ሰጥታ ስትመለስ ብስክሌቱ ድምፅ አልነበረውም። ስርጉት ማሽላው በነፋስ ሲንሿሿ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች።

ልታመሰግናቸው ቆመች። «እስቲ ነድተው ይሞክሩት፣ ጋሽ ማናዬ።»

መሬት መሬት አዩ። «አልችልም።»

«ምኑን?»

«መንዳት። በልጅነቴ ብስክሌት ያለው አልነበረም። ካደግሁ በኋላ ደግሞ... አፈርኩ።»

ስርጉት ሳቋን በግድ ዋጠችው። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ኮርቻውን ይዛ ትሮጣለች፤ ሊቀ ካቴናው ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ አቧራቸውን ያራግፋሉ። በአራተኛው እሁድ ከእጇ አመለጧት። ከሜዳው ወጡ፣ ዋናውን መንገድ ያዙ፣ ነጠላቸው ከኋላ እየተውለበለበ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረዱ።

«ፍሬን!» ጮኸች ስርጉት እየሮጠች። «ፍሬኑን ይያዙ!»

«ለምን ብዬ!» አሉ አቶ ማናዬ።