መናዘዝ ክልክል ነው

ሰው ምስጢሩን ሲደብቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ምስጢሩን የሚሰማለት አጥቶ ሲቸገር ያየሁት ግን ደረጀን ብቻ ነው።

ደረጀ ጓደኛዬ ነው። እዚህ ሰው አገር፣ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ላይ፣ እትዬ ጽጌ ምግብ ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር የሚሠራው። ዕቃ በማጠብ ጀምሮ አምስት ዓመት ቆየ። ሽንኩርት ይከትፋል፣ የተበላሸ ፍሪጅ ይጠግናል፣ ቁልፍ ይዞ ጠዋት ቤቱን የሚከፍተውም እሱ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ባለሙያ ሌላ ቦታ ለምን አይሞክርም አትሉም?

የወንጀል ሪከርድ አለበት። ከሰባት ዓመት በፊት ቫሌት ፓርኪንግ፣ ማለትም የደንበኛ መኪና ተቀብሎ በማቆም ሲሠራ፣ አንድ የሰከረ ባለመኪና ቁልፌን አምጣ አለው። ደረጀ ሰክረሃል፣ አትነዳም አለ። ሰውዬው ፊቱ ላይ ተፋበት። ደረጀ በቡጢ መለሰ። የሰውዬው መንጋጋ ተሰበረ፣ ደረጀ ስምንት ወር ታሰረ። እኛ ጓደኞቹ “አንዲት ቡጢ እኮ ናት” እንላለን። እሱ ግን ይሄን አይወድም። “ሰውዬው ሁለት ወር ምግቡን በስትሮ እየመጠጠ ነው የበላው” ይላል።

ከእስር ከወጣ በኋላ የሥራ ፎርም ነክቶ አያውቅም። “ተፈርዶብህ ያውቃል?” የምትለዋን ጥያቄ ታውቋት ይሆናል። ድሮ ሳያያት “አይ” ላይ ምልክት አድርጎ የሚያልፋት ነገር፣ አሁን እንደ ውሻ ታስፈራዋለች።

ባለፈው ዓመት ሎንግ ቢች ያለ አንድ ሆስፒታል፣ ሕመምተኛ በዊልቼር ከክፍል ክፍል የሚያመላልስ ሰው ፈለገ። እኔ ሚድ ዊልሻየር ፓርኪንግ ነው የምሠራው፤ ወሬውን እዚያ ሰማሁና ደረጀን ለምኜ አፕላይ አስደረግኩት። ስልኬ ላይ አብረን ሞላነው። ጥያቄዋ የለችም! ከላይ እስከ ታች ሁለቴ ፈለግናት።

“ረስተዋት ነው” አለ ደረጀ። “እንግዲያው እኔው እነግራቸዋለሁ።”

“አብደሃል? ካልጠየቁህ ዝም በል!”

ይሰማል? ኢንተርቪው ሲጠሩት ሁለት ሳምንት ሙሉ ንግግሩን በእንግሊዝኛ አጠና። እኔ ነኝ ድራይቭ አድርጌ የወሰድኩት፤ ፍሪዌይ ላይ ሦስት ጊዜ ተናዘዘልኝ።

ውስጥ የሆነውን ሲወጣ ነገረኝ። ገና ከመቀመጡ፣ “ከመጀመራችን በፊት ልንገርሽ፣ እኔ ታስሬ...” ሲል ኢንተርቪው የምታደርገው ሴትዮ እጇን አነሳች።

“አቁም። ይሄን አሁን መስማት አልችልም።”

ደረጀ ያልተሰማት መስሎት ድምፁን ጨመረ። ሴትዮዋ ደነገጠች። “ሕጉ አይፈቅድልኝም!” አለችው። “መጀመሪያ ሥራውን መቻልህን ልወቅ። ሪከርድ የሚታየው ሥራውን ሰጥተንሃል ካልን በኋላ ነው።”

“እሺ፣ ስለ ምን ላውራ?”

“ስለ ሥራህ።”

ያላጠናው እሱን ነው። ግን ሥራውን መናገር የሚያቅተው ሰው አይደለም፤ ስለ ወጥ ቤቱ፣ ስለ ፍሪጁ፣ ስለ አስቸጋሪ ደንበኛ ሲያወራ ሰዓቱ አለቀ። በሳምንቱ ተቀብለንሃል፣ ቼክ እስክናደርግ ጠብቅ አሉት።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ሪከርድህን አይተናል፣ ሥራውን ላንሰጥህ አስበናል ይላል። ደረጀ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ አጠፈው። “አላልኩህም?” አለና ሽርጡን አሠረ። እውነት ለመናገር እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር።

እትዬ ጽጌ ግን መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

“አስበናል ነው እኮ የሚለው። ወስነናል የት አለ? መልስ ካለህ አምስት የሥራ ቀን ሰጥተንሃልም ይላል።”

ይሄ ነው ሕጉ። ሥራ የግድ ይስጡህ አይልም። ጥፋትህ ከሥራው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ሳያመዛዝኑ፣ አንተንም ሳይሰሙ በሩን አይዝጉብህ ነው የሚለው። ስለዚህ መልስ መጻፍ አለበት፤ የሚመሰክርለትም ሰው ያስፈልጋል።

“እትዬ” አልኳቸው ለብቻቸው፣ “እርስዎ ከጻፉለት እኮ ይሄዳል።”

“መሄዱን አጣሁት? መጥፎ ሰው ነው ብዬ ብጽፍማ ዕድሜ ልኩን ሽንኩርቴን ይከትፍልኝ ነበር።” ሳቁ። ከዚያ የምሳ ሰዓት ግርግር ላይ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ጻፉ። እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፤ እንዲህ ይላል፦ “ደረጀ አምስት ዓመት የቤቴን ቁልፍ ይዟል። ሰው ሰክሮ ሲያስቸግረን የምጠራው እሱን ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወንበር ይስብለታል፣ ውሃ ያመጣለታል፣ በሰላም ይሸኘዋል። እኔ እንዲሄድብኝ አልፈልግም። ቢሆንም ውሰዱት።”

ደረጀም የራሱን ጻፈ። የስትሮዋን ነገር አስገባት። አውጣት ብዬ ብለምነው እምቢ አለ። በአራተኛው ቀን ላክነው።

ስልኩ ሲደወል ምስር እያማሰለ ነበር። ሰኞ ጀምር አሉት። ስልኩን ይዞ ወደ እትዬ ጽጌ ወጣ፤ ፊቱን አይተው ገባቸው። አቀፉት። ዓይናቸውን ጠረጉና፣ “እስከ ሰኞ የእኔ ነህ። ምስሩ እንዳያርብኝ” አሉት።

አሁን ደግሞ የእኔን ስሙ። ሆስፒታሉ ሌላ ሰው ሲፈልግ እኔም አፕላይ አደረግኩ። እሱ ካለፈ እኔ ምን ይሳነኛል? ያቺው ሴትዮ ናት የጠየቀችኝ። “ስለሠራኸው አንድ ስሕተትና ከእሱ ስለተማርከው ንገረኝ” አለችኝ። ኮራ ብዬ፣ “ስሕተት የለብኝም” አልኳት። የሆነች ነገር ጻፈች። በማግስቱ በኢሜይል አመስግነው ሸኙኝ።

ደረጀ ሊያጽናናኝ ቤት መጣ። ኢሜይሉን አነበበና፣ “አይዞህ፣ ለሚቀጥለው እኔ አስጠናሃለሁ” አለኝ። “መጀመሪያ ግን አንድ ጥፋት እንፈልግልህ።”

ባለቤቴ ከኪችን ሆና ሰማች።

“ምን መፈለግ ያስፈልጋል?” አለች። “ዝርዝሩ እኔ ጋ አለ።”